የማስታወስ ኃይል በእርጅና ዘመን እንደምን እንደሚጠበቅ

ልዑል እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጣቸው ጸጋዎች አንዱ የሰሙትንና የተማሩትን በልቡና ይዞ የማቆየት፥ ያለፈውንም እንደ አዲስ መልሶ የማሰብ ኃይል ነው። ይህ ኃይል ባይኖር ኖሮ ሃይማኖት ከአባት ወደ ልጅ ባልተላለፈ፥ ዜማም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ባልወረደ፥ የተደረገልንን ቸርነት አስበን ለማመስገንም ባልቻልን ነበር። በተለይም ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ብራና ውድ፥ መጽሐፍም ጥቂት በነበረበት ዘመን ትምህርቷን በሊቃውንቱ ልብ አስቀምጣ ያቆየች ስለ ሆነች፥ የማስታወስ ኃይል ለእርስዋ እንደ ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤቱ ሲያረጅ ጣሪያው እንዳያፈስ መጠበቅ ደግሞ የባለአደራው ግዴታ ነው።

ስለ እርጅናና ስለ መርሳት በመካከላችን ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች ሲነገሩ እንሰማለን። አንደኛው፥ ሰው ካረጀ መጃጀቱ አይቀርምና ምንም ማድረግ አይቻልም የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ መርሳት የኃጢአት ቅጣት ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ ነውና ሊሸሸግ የሚገባው ነውር ነው የሚለው ነው። በፊተኛው አሳብ ምክንያት ሊጠበቅ ይችል የነበረው ኃይል ሳይጠበቅ ይጠፋል፤ በኋለኛው ምክንያት ደግሞ አረጋዊው ሳይታከም፥ ቤተሰቡም ሳይረዳ በስውር ይጨነቃል። እኛ ግን የማስታወስ ኃይል ከእግዚአብሔር የተሰጠ አደራ መሆኑን፥ አደራም በትጋት እንደሚጠበቅ፥ በትጋት ተጠብቆ ቢደክም እንኳ ደካማው ሊናቅ እንደማይገባ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ አረጋውያን የሚነግሩን

ቅዱሳት መጻሕፍት የእርጅናን መልክ ሳይሸሽጉ ይነግሩናል። የዮፎኒ ልጅ ካሌብ 85 ዓመት በሆነው ጊዜ ወደ ኢያሱ ቀርቦ፥ ከ45 ዓመት በፊት በቃዴስ በርኔ የተነገረለትን የተስፋ ቃል ቦታውንና ዘመኑን ሳያፋልስ እንዳሳሰበው በመጽሐፈ ኢያሱ በ14ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። በአንጻሩ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ 80 ዓመት ሲሆነው፥ ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ይዞት ለመሄድ በጠየቀው ጊዜ፥ የምግብን ጣዕም ለመለየትና የዘፋኞችን ድምፅ ለመስማት እንደ ደከመ ገልጦ፥ ለንጉሡ ሸክም እንዳይሆን በትሕትና እንደ ተሰናበተ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ19ኛው ምዕራፍ እናነባለን። ሁለቱም ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ተቀራራቢ ነበር፤ ነገር ግን እርጅና ሁለቱን በአንድ መልክ አልያዛቸውም። ስለዚህ የአረጋዊ ድካም የኃጢአቱ ምልክት ነው ማለት መጽሐፍ የማያውቀው ፍርድ ነው።

መጽሐፈ ሲራክም በ3ኛው ምዕራፉ፥ ልጅ አባቱን በእርጅናው ዘመን እንዲረዳው፥ አእምሮው ቢጎድል እንኳ እንዲታገሠው፥ በራሱ ብርታት ተመክቶም እንዳይንቀው ያዝዛል። ያው መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ አባትን መታገሥና ሐኪምን ማክበር በአንድ መጽሐፍ የታዘዙ ናቸውና ለምንናገረው ነገር ሁሉ መሠረት ይሆኑናል።

የዕድሜ መርሳትና ሕመም የሆነ መርሳት

ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሰው አእምሮ እንደ እግሩና እንደ ዓይኑ በዕድሜ ይዘገያል። 60 ዓመት ያለፈው ሰው የሚያውቀውን ሰው ስም ለጊዜው ቢያጣውና ቆይቶ ትዝ ቢለው፥ መነጽሩን ያኖረበትን ቦታ ቢፈልግ፥ አዲስ ነገር ለመማር ከወጣትነቱ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ቢወስድበት፥ ይህ የዕድሜ መዘግየት እንጂ ሕመም አይደለም፤ ሊያስደነግጠውም አይገባም።

ነገር ግን ጠዋት የተነገረውን ነገር ከሰዓት በኋላ ጨርሶ እንዳልተነገረው ቢቆጥር፥ አንዱን ጥያቄ መልሱን ሰምቶ ሳለ ደጋግሞ ቢጠይቅ፥ 30 ዓመት በተመላለሰበት መንገድ ቢጠፋ፥ ገንዘብ መቁጠር ቢሳነው፥ ወይም ጭምቱ ሰው ያለ ምክንያት ቁጡና ተጠራጣሪ ቢሆን፥ ይህ የዕድሜ ብቻ አይደለምና ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ሕመም ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል። ከመንስኤዎቹም ዋነኛው አልዛይመር የተባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው አሎይስ አልዛይመር ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፥ እርሱም በ50ዎቹ ዕድሜዋ ሳለች የማስታወስ ኃይሏን ያጣችን አንዲት ሴት ተከታትሎ፥ ከሞተች በኋላ በአንጎልዋ ያገኘውን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ ገለጠ። ከዚህም ቀጥሎ የአንጎል የደም ሥሮች በመጎዳታቸው የሚመጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ የሚበልጡት በድሆችና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ይህ ነገር የሩቅ አገር ሕመም ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቶአል።

በዚህ ላይ ለካህናት ቤት በተለይ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። በአልዛይመር ሕመም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው አዲሱን ነገር የመያዝ ኃይል ነው፤ በሕፃንነት የተማሩትና ሺህ ጊዜ የደጋገሙት ግን ለብዙ ዘመን ጸንቶ ይቆያል። ስለዚህ አንድ አረጋዊ ካህን ዳዊቱን ሳያደናቅፍ እየደገመ፥ ውዳሴ ማርያሙንም በቃሉ እያደረሰ፥ ቁርስ መብላቱን ግን ሊረሳ ይችላል። ቤተሰቡም ድጋሙን ሰምተው ደኅና ነው ይላሉ፤ ወይም ደግሞ ዳዊቱን አስታውሶ የእኛን ነገር የሚረሳው ስለ ናቀን ነው ብለው ይቀየማሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው። የቀደመው ትምህርቱ አለመጥፋቱ ለጤንነቱ ማስረጃ አይሆንም፤ የዛሬውን መርሳቱም ንቀት አይደለም።

የአባቶቻችን የትምህርት ሥርዓት

የማስታወስን ኃይል ስለ ማበርታት ስንናገር፥ አባቶቻችን በጉባኤ ቤት ያቆዩልን ሥርዓት ሊታወስ ይገባዋል። የማሕሌታዩ ቅዱስ ያሬድ ታሪክ የዚህ መጀመሪያ ነው። ግንቦት 11 ቀን በሚነበበው ስንክሳር እንደ ተጻፈው፥ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልያዝ ብሎት መምህሩ ቢገሥጸው ሸሽቶ ሄደ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም አንዲት ትል በብዙ ድካም ወደ ዛፉ ስትወጣ ተመልክቶ፥ ትጋትን ከእርስዋ ተምሮ ተመለሰ። ድጓን የደረሰው ሊቅ እንዲህ በመጀመሪያ ትምህርት የከበደው ሰው መሆኑ፥ ማስታወስ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ሀብት ሳይሆን በትጋት የሚገኝ መሆኑን ያስረዳናል።

በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደልን ከለየ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ጀምሮ እስከ ዳዊት ይደርሳል። ቀን ቀን በመጽሐፍ ያነባል፤ ማታ ደግሞ መብራት በሌለበት ጸሎቱንና መልክኡን ከመምህሩ ወይም ከታላቅ ተማሪ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ይይዛል፤ ይህም የቃል ትምህርት ይባላል። የያዘውንም በማግሥቱ ይመልሳል፤ ከሳምንት በኋላ ይከልሰዋል፤ እርሱ ራሱ ካወቀ በኋላም ታናሹን ያስጠናል። የዜማው ተማሪ ድጓን አንድ ጊዜ ካደረሰ በኋላ እንደ ገና ተመልሶ ይዘልቀዋል፤ የትርጓሜው ተማሪም መምህሩ የተናገረውን አንድምታ ከጓደኞቹ ጋር እየተቀያየረ ይቀጽለዋል።

ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና፥ የመርሳትን ፍጥነት በራሱ ላይ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1885 መጽሐፍ አሳተመ። ያገኘውም ነገር፥ ሰው የተማረውን አብዛኛውን የሚረሳው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፥ በአንድ ቀን ደራርቦ ከማጥናትም ጊዜ እየሰጡ መከለስ የተሻለ መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ተመራማሪዎችም መጽሐፉን ደጋግሞ ከማየት ይልቅ መጽሐፉን ዘግቶ ከልብ ለማውጣት መሞከር ትምህርቱን እንደሚያጸና አረጋግጠዋል። ማታ በጨለማ የሚሰጠው የቃል ትምህርት፥ በማግሥቱ የሚጠየቀው ምላሽና በየጊዜው የሚደረገው ክለሳ ይህንኑ የሚፈጽሙ ናቸው።

እንግዲህ አረጋዊ ካህን ወይም ምእመን ከዚህ ሥርዓት ምን ይጠቀማል? በመጀመሪያ፥ የለመደውን ጸሎት በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን አልፎ አልፎ መጽሐፉን ዘግቶ ይድገመው፤ የተጠራጠረበትን ከፍቶ ያስተካክል። ሁለተኛ፥ ልብ ወደ ሌላ ሄዶ ከንፈር ብቻ የሚያደርሰው ድጋም አእምሮን እምብዛም አያሠራምና ምሥጢሩን እያሰበ ያድርስ። ሦስተኛ፥ በያዘው ብቻ ሳይወሰን አዲስ ነገር ይማር፤ ያልያዘውን አንድ መልክእ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ቢይዝ፥ ወይም ያላነበበውን የትርጓሜ መጽሐፍ ቢጀምር፥ ይህ ከልማዱ ያስወጣዋል። አራተኛ፥ የተማረውን ለልጅ ልጁ ወይም ለደቀ መዝሙሩ ይንገር፤ የሚያስተምር ሰው ሁለት ጊዜ ይማራልና።

ሒሳብ የሚወድድ አረጋዊ ደግሞ ባሕረ ሐሳብን በቃሉ ያውጣ። ለምሳሌ የ2018 ዓመተ ምሕረትን ለማግኘት 5500ን ይደምርና 7518 ይላል፤ ይህንም በ19 ሲገድፈው 13 ይቀረዋል፤ አንድ አትቶ ወንበሩን 12 ይላል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው አበቅቴው 12፥ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው መጥቅዑ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት ስላለባቸው፥ መሳሳቱንና አለመሳሳቱን ያለ መምህር ራሱ ያውቃል። ይህን ለወደፊቱም ለኋለኛውም ዓመት እያወጣ የሚቀመጥ ሽማግሌ ለአእምሮው ጥሩ ሥራ ሰጥቶታል።

ሥጋን መጠበቅ አእምሮን መጠበቅ ነው

ይሁን እንጂ ጥናትና ድጋም ብቻ በቂ ናቸው የሚል አይኑር። አእምሮ የሚሠራበት መሣሪያ አንጎል ነው፤ አንጎልም የሚኖረው ደም በሚያመጣለት ምግብና አየር ነው። ደም የሚተላለፍባቸው ሥሮች ከተጎዱ ባለ ብዙ ትምህርቱም እንደ ማይሙ ይቸገራል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰበሰቡ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት መግለጫ፥ ሊከላከሉአቸው የሚቻሉ 14 ምክንያቶችን ቆጥረው፥ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ካለው የዲሜንሺያ ሕመም 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል እንደ ነበር ገምተዋል። ከተቆጠሩትም መካከል የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ የጆሮ መድከም፥ የዓይን መድከም፥ የመጠጥ ብዛት፥ ትምባሆ፥ አለመንቀሳቀስ፥ የራስ መመታት፥ ኀዘንና ትካዜ የበዛበት የመንፈስ ጭንቀት፥ ከሰው መለየትና በጭስ የተበከለ አየር ይገኛሉ።

የደም ግፊት ሳያሳምም የሚጎዳ ጠላት ነው። ሰው ምንም ሳይሰማው ለብዙ ዓመት ይሸከመዋል። ስለዚህ 40 ዓመት ያለፈው ሁሉ ግፊቱንና ስኳሩን ሊመረመር፥ ጨውንም ሊቀንስ ይገባዋል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ9 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ምርመራ፥ ግፊታቸው አጥብቆ እንዲወርድ የተደረጉት ሰዎች ቀላል የሚባለው የማሰብና የማስታወስ መቀነስ ከሌሎቹ አነስ ብሎ እንደ ታየባቸው ገልጦአል። በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰዎች ትንሽ ሻል ሲላቸው መድኃኒቱን ያቋርጣሉ፤ ሌሎችም ጾም ሲገባ ወይም ወደ ጠበል ሲሄዱ ይተዉታል። ጠበል የእግዚአብሔር ጸጋ ነው፤ መድኃኒትም ሲራክ እንዳስተማረን የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። የንስሐ አባት የሆነ ካህን ልጁን፥ መድኃኒትህን ትወስዳለህን ብሎ መጠየቅን ከአገልግሎቱ አንዱ አድርጎ ይቁጠረው።

ጾምን በሚመለከት ግልጽ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጾም አእምሮን ይጎዳል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ቢ12 የተባለው ንጥረ ነገር በተፈጥሮው የሚገኘው በሥጋ፥ በዓሣ፥ በእንቁላልና በወተት ነው፤ የእርሱ ማነስም መርሳትንና የእግር መደንዘዝን ያመጣል። በእርጅና ዘመን ሆድ ይህን ንጥረ ነገር ከምግብ የመቀበል ኃይሉ ስለሚቀንስ፥ ለብዙ ዘመን ከጥሉላት ርቆ የኖረ መነኩሴ ወይም አረጋዊ እንዲህ ያለ ምልክት ቢታይበት በደም ምርመራ ይለያል፤ በመርፌ ወይም በኪኒንም ይሞላለታል። ፈጥኖ ከተደረሰበት የሚመለስ መርሳት ነውና እርጅና ነው ተብሎ ሊተው አይገባም። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፥ የመንፈስ ጭንቀትና አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም እንደዚሁ ሊታከም ወይም ሊስተካከል የሚችል መርሳት ያመጣሉ። የታመመና የደከመ ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር መምከሩ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን የፈቀደው ነው።

ስለ ጆሮና ስለ ዓይንም ቸል አንበል። ያልተሰማ ነገር ሊታወስ አይችልም። ጆሮው የደከመ ሽማግሌ በጨዋታ መካከል ሳይገባው ሲቀር አፍሮ ዝም ይላል፤ ቀስ በቀስም ከጉባኤ ይቀራል። የጆሮው ቆሻሻ እንዲጠረግለት ወይም ማዳመጫ መሣሪያ እንዲደረግለት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ወደ ሰው መካከል መመለስ ነው። የዓይን ሞራም በአጭር ጊዜ በሚፈጸም ቀዶ ሕክምና ይገፈፋልና፥ መጽሐፍ ማንበብ የተወ አረጋዊ አሳቡ ደክሞ ነው ከማለታችን በፊት ዓይኑ እንዲታይለት ይሁን።

የመጠጥንም ነገር አንሸሽገውም። በዝክርና በተዝካር፥ በማኅበርና በሠርግ ካህንን አብዝቶ ማጠጣት ማክበር ይመስለናል። አረቄና ጠጅ በየጊዜው በብዛት የሚጠጣ ሰው ግን አንጎሉን ይጎዳል፤ በእርጅና ደግሞ ጥቂቱም ብዙ ይሆናል፤ ወድቆም ራሱን ይመታል። ለካህን በእውነት የሚያዝንለት ምእመን ጽዋውን ደጋግሞ አይሙላበት።

የሰውነት እንቅስቃሴም ያስፈልጋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ፥ የጓሮን አትክልት መኰትኰት፥ ጉልበቱ ለፈቀደለትም መስገድ ደምን ያንቀሳቅሳል። እንቅልፍም የግድ ነው፤ አእምሮ ቀን የሰበሰበውን በየቦታው የሚያስቀምጠው ሌሊት ነውና። ማኅሌት ቆሞ ያደረ አረጋዊ በማግሥቱ የጎደለውን ዕረፍት ይሙላ። በፊንላንድ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸው 1260 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ሁለት ዓመት ሙሉ በምግብ፥ በእንቅስቃሴ፥ በአእምሮ ሥራና ግፊትን በመቆጣጠር በአንድነት ሲጠበቁ፥ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት የማሰብ ኃይላቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኝቶአል። ከዚህ የምንማረው አንዱን ብቻ መያዝ ሳይሆን ሁሉን በየመጠኑ ማድረግ እንደሚሻል ነው።

ብቻውን የተቀመጠ አረጋዊና ያልተወረሰ ትምህርት

ብቸኝነት አእምሮን ያደርቃል። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ስም ያነሣል፥ ዘመን ይቆጥራል፥ ይከራከራል፥ ይስቃል፤ ይህ ሁሉ የአእምሮ ሥራ ነው። ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር፥ ዕድርም ለዚህ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን አረጋዊው መምጣት ካልቻለ ማኅበሩ ወደ እርሱ መሄድ አለበት። በከተማ ልጆቹ ሥራ ውለው የሚገቡበት፥ በውጭ አገርም ቋንቋውን ከማያውቅ ሰፈር ውስጥ ወላጅ ብቻውን ቤት ዘግቶ የሚውልበት ጊዜ በዝቶአልና፥ ይህን የሚያስብ ካህንና ጎረቤት ሊኖር ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። የቤተልሔም ድጓ፥ የዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት፥ የጎንደር አቋቋምና ትርጓሜ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ልብ እየወረዱ እስከ እኛ ደርሰዋል። አንድ መምህር ተተኪ ሳያፈራ የማስታወስ ኃይሉ ቢደክም፥ የሚጠፋው የእርሱ ብቻ አይደለም። በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓ ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል፤ ይህም ልብ ቢዘነጋ ብራናው እንዲያሳስብ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና፥ በእጁ ልዩ የሆነ ትምህርት ያለው መምህር ኃይሉ ሳለ ያስጽፍ፤ ድምፁንም በመቅረጫ ያስቀዳ። አጥቢያውና ሀገረ ስብከቱም የሚጽፍለትንና የሚቀዳለትን ይፈልግለት። ይህም ሲደረግ መቅረጫው የተማሪውን ቦታ እንዳይወስድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ተማሪ የሚጠይቀው መምህር ልቡ በየቀኑ ይታደሳልና። እንደዚሁም እያንዳንዱ ሰው ኑዛዜውንና የቤቱን ጉዳይ አእምሮው ጤናማ ሆኖ ሳለ ቢያስተካክል፥ በኋላ በልጆቹ መካከል ሊነሣ የሚችለውን ጠብ ያስቀራል።

ኃይሉ የደከመበትን አረጋዊ ስለ መርዳት

ይህን ሁሉ ጠብቆም የሚታመም አለ። የአልዛይመርን ሕመም ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ አሁን አልተገኘም፤ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀልሉ ወይም በመጀመሪያው ደረጃ የሕመሙን ጉዞ ጥቂት የሚያዘገዩ ብቻ አሉ። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት የቤተሰቡ ትዕግሥት ነው።

የታመመውን ሰው እንደ ተማሪ አትጠይቁት። «እኔን አወቅኸኝ? እስቲ ማን ነኝ?» ማለት ማሳፈር ነው፤ ይልቁንም «አባባ፥ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ ልጠይቅዎ መጣሁ» ብሎ ስምን ቀድሞ መናገር ይሻላል። የሞተውን ወንድሙን ቢጠራ መርዶውን በየቀኑ እንደ አዲስ አታርዱት፤ ስለ ወንድሙ እንዲያወራ አድርጉት። ዕቃውን በአንድ ቦታ፥ ምግቡንና ጸሎቱን በአንድ ሰዓት አድርጉለት። ብቻውን ወጥቶ እንዳይጠፋ ጠብቁት እንጂ አትሰሩት፤ ሰይጣን ይዞታል ብሎ መምታትና በሰንሰለት ማሰር ከሲራክ ትእዛዝ ጋር የሚጣላ ኃጢአት ነው። አስታማሚዋም አንዲት ልጅ ወይም ሚስት ብቻ እንዳትሆን ዘመድ ተራ ይግባ፤ የሚያስታምምም ሰው ይደክማልና።

ካህናትም ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በሥርዓታችን ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ አንዱ የሌላውን ይሞላል። አንድ አረጋዊ ካህን መዘንጋት ሲጀምር በአንድ ቀን ከመቅደስ አውጥቶ ቤት ማስቀመጥ ልቡን መስበር ነው። በጓደኞቹ መካከል ቆሞ የሚችለውን እንዲያደርስ፥ ከባዱንም ሌላው እንዲይዝለት አለቃው በፍቅር ይሥራለት። መቅደስ መግባት ሲያቅተው ደግሞ ወደ ቤቱ ሄዳችሁ ከእርሱ ጋር ጸልዩ። የዕለቱን ወሬ ያጣ ሰው በሕፃንነቱ የያዘውን ጸሎት አንዱን ቃል ሲሰማ ቀሪውን ራሱ ይቀጥላል፤ ስሙን የረሳ ሰው ዜማውን ተቀብሎ ሲያዜም የሚታይበት ጊዜ አለ። ቅዱስ ቍርባንም እንዳይጓደልበት የንስሐ አባቱ ያስብለት።

በመጨረሻም ይህን እናስብ። በመስቀል ላይ በጌታ ቀኝ የነበረው ወንበዴ የደገመው ዳዊት፥ የቆጠረው ትሩፋት አልነበረውም፤ የለመነው ጌታ እንዲያስበው ነበር፤ ገነትንም አገኘ። የሰው መዳን እርሱ እግዚአብሔርን በሚያስታውስበት መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእኛ ማን ይድን ነበር? እግዚአብሔር ግን የሚረሱትን አይረሳም። ቤተ ክርስቲያንም በየቅዳሴዋ ሕያዋንንና ሙታንን በስማቸው እያነሣች የምታስብ እናት ናት። የማስታወስ ኃይል ያለን እስከ ሆነ ድረስ በትጋትና በልክ እንጠብቀው፥ ለተተኪውም እናውርሰው፤ የደከመበትንም ወንድማችንን እኛ እናስታውስለት። ስሙን ቢረሳ እኛ በስሙ እንጥራው፤ ጸሎቱን ቢረሳ እኛ ከጎኑ ሆነን እናድርስለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።